ዋልያስ ወአይቤክስ፦ በሞጣ ከተማ የተደረገ ምርመራ

የሰው ልጅ ሁለት ነገር ጐን ለጐን ቆመው ሲያይ አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጥ እንቅልፍ የማይወስደው ፍጥረት በመሆኑ፣ ሊቃውንት እንኳ ከዚህ ድካም ሳይድኑ በቅኔ ዋሸራንና ጎንጅን፣ በአቋቋም ላይ ቤትንና ታች ቤትን ሲያነጻጽሩ ዕድሜያቸውን መፈጸማቸውን በጎጃም ምድር ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያውቀዋል። በእንግሊዝ አገርም ቢትልስና ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉ ሁለት የጊታር ማኅበሮች ተነሥተው፣ ፊተኛው በ1970 (ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ሲበተን ኋለኛው ግን እስከ ሽበት ስለ ዘለቀ፣ በወጣትነት የሞተ ይበልጣል ወይስ ሳይሞት ያረጀ የሚለው ክርክር በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሳይቋጭ ቈይቷል። የእንግሊዝ ሊቃውንት ያቃታቸውን ነገር እፈታለሁ የሚል ትምክሕት በልቤ ባይኖርም፣ የዚሁ ክርክር ወንድም የሆነው የእኛው ጥያቄ፣ ይኸውም ከዋልያስ ባንድና በኋላ ሮሃ ከተባለው ከአይቤክስ ባንድ የትኛው በዝና፣ የትኛውስ በጽናት ይበልጣል የሚለው፣ በሞጣ ከተማ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን ቡና ላይ እስከ ማጣላት ስለ ደረሰ፣ ነገሩን በሥርዐት መመርመር ግድ ሆኗል።

ለምርመራው ሞጣ የተመረጠችበት ምክንያት ጸሐፊው የሚኖርባት ከተማ መሆንዋ ቢሆንም፣ ከዚህ የላቀ ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ለአንድ ተመራማሪ አስቸጋሪ አይደለም። ሞጣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከለችው የጊዮርጊስ ደብር ያለባት፣ ከደጀን በቢቸና አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጣት፣ ከሁሉም በላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዐርበኞች የቈረጡት ሰባራ ድልድይ በአቅራቢያዋ ያለ ከተማ ናትና፣ ሁለት ወገን ከገደል ወዲህና ወዲያ ቆሞ መተያየት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሕዝቧ ማስረዳት አያሻም። ደግሞም ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዳቸውም የሚሟገቱለትን ባንድ በዓይናቸው አይተው ስለማያውቁ፣ ፍርዳቸው በመልክና በልብስ ከመደለል ፈጽሞ የጸዳ ነው።

የዋልያስ ወገን የሆኑት ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ የአይቤክስ ወገን የሆኑት ደግሞ በቢቸና መንገድ ብዙ ዘመን አውቶቡስ የነዱ ሾፌር ናቸው። የመምህሩ ወንድ ልጅ የሾፌሩን ሴት ልጅ ስላገባ ሁለቱ አማቾች ናቸው፤ ስለዚህም ክርክሩ ከ«እርስዎ» ወርዶ አያውቅም፣ ስድብም ቢኖርበት በአክብሮት የታሸ ነው። መምህሩ፣ «እርስዎ አርባ ዓመት ጆሮዎን ከሞተር ጋር ስላኖሩት ወፍራም ድምፅ ካልሆነ አይሰማዎትም» ሲሉ፣ ሾፌሩ፣ «እርስዎም ኦርጋን የሚወዱት የትምህርት ቤት ደወል ስለሚያስታውስዎ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ጸሐፊው ሁለቱንም ቃላት እንደ ምስክርነት መዝግቧቸዋል።

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ ሲሆን፣ ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ እየተጫወቱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጧል። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ የተቀረጸ ሸክላ ሲያወጣ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተባብሮታል፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የተሰማው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ሰዓት እላፊ የታወጀ ስለ ነበር፣ ሲመሽ ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው ሌሊቱ ሳይነጋ መውጣት አይሆንለትም፤ ባንዱም እንግዳውን ጥሎ መተኛት ነውር ስለሚሆንበት እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። የባንድን ዝና በአድማጭ ታማኝነት መለካት የተለመደ ቢሆንም፣ አድማጩ በፍቅር ይቈይ በጠመንጃ ፍርሃት መለየት ስላልተቻለ፣ ይህን ማስረጃ ለማንም ወገን ሳንሰጥ በይደር አቈይተነዋል። ሌሊቱን ቆሞ ማደር ግን ማኅሌት ለለመደ ሕዝብ እንደ ገድል እንደማይቈጠር በኅዳግ እናስታውሳለን።

አይቤክስ ባንድ በበኩሉ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ሥዩም እየተጫወቱ በራስ ሆቴል መድረክ የኖረ ሲሆን፣ በ1975 ከድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ጋር «እረ መላ መላ»ን ሠርቷል። ይህ ሥራ በ1986 በቤልጅግ አገር እንደ ገና ታትሞ ለፈረንጆች በመድረሱ፣ እነርሱ የእኛን ዘመናዊ ሙዚቃ የሰሙበት የመጀመሪያው በር ከሚባሉት አንዱ ሆኗል። ባንዱ ስሙን ወደ ሮሃ ከለወጠ በኋላ ደግሞ፣ ሸክላ አልፎ ካሴት በነገሠበት ዘመን የብዙ ድምፃውያንን ካሴት እየተሸከመ ስለ ኖረ፣ ሾፌሩ እንደሚሉት የዚያን ጊዜ አውቶቡስ በናፍጣ ብቻ ሳይሆን በሮሃም ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ስሙ ሐተታ እንግባ፤ ስሙ ያልተፈታ ነገር ምሥጢሩ አይገኝምና። ዋልያ ማለት ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የማይገኝ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቈለመመ የዱር ፍየል ነው። አይቤክስ ማለትስ? አይቤክስ በፈረንጅ አፍ ያው የገደል ፍየል ነው፤ የእንስሳት ሊቃውንትም ሁለቱን ቃላት አጋጥመው የእኛውን ፍየል «ዋልያ አይቤክስ» ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ አንድም፣ ሁለቱ ባንዶች አንድ እንስሳ ለሁለት ተካፍለው ፊተኛው የአገሩን፣ ኋለኛው የባዕዱን ስም ወሰዱ ይባላል። አንድም፣ አንድ ፍየል ሁለት ቀንድ እንዳለው ሁሉ ሁለቱ ቀንዶች ሲጋጩ የሚጐዳው ራሱ ፍየሉ ነው ይባላል። አንድም፣ ኋለኛው ነገሩ ገብቶት አፍሮ ሮሃ ተባለ፤ ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነውና፣ ከገደል ወደ መቅደስ ገባ ይባላል። ይህ ሦስተኛው ትርጓሜ ሾፌሩን ደስ ያሰኘ ቢሆንም፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ መዝገብን በ1978 ሲከፍት የዋልያን አገር ስሜንንና የሮሃን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዓመት በአንድነት ስለ መዘገበ፣ ድርጅቱም ማበላለጡን ፈርቶት እንደ ነበር መረዳት ይቻላል።

ስለ ዝና በሞጣ የተደረገው ምርመራ ግን ያልታሰበ ውጤት አስገኝቷል። በዚያ ዘመን ካሴት ሊገዛ የመጣ ሰው የማሕሙድን ስጡኝ፣ የአስቴርን ስጡኝ፣ የኤፍሬምን ስጡኝ ይል ነበር እንጂ፣ ሮሃን ወይም ዋልያስን ስጡኝ ያለ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። በካሴቱ ልባስ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ የባንዱ ስም ቢኖር በጠርዙ ላይ መነጽር የሚያስፈልገው ፊደል ነው፤ ቤት የገባ እንግዳ ምንጣፉንና መሶቡን ያመሰግናል እንጂ ምሰሶውን ጨብጦ እንደ ምን አደርህ አይለውምና። በዚህ ረገድ ውጤቱ ባዶ ለባዶ ነው።

ከዚህ ላይ በምርመራው መንገድ ስላጋጠመ አንድ ችግር መናገር የተመራማሪ ግዴታ ነው። ቴፕ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶም ሆነ በጥርስ ተነክሶ ጥቂት ቢበረታም መድከሙ ስለማይቀር፣ ሙዚቃው ቀስ በቀስ እየተጐተተ፣ ድምፁም እየወረደ ይሄዳል። በደከመ ድንጋይ ሲሰሙ ሁለቱም ባንዶች ትዝታ ይጫወታሉ። ይህ ሁኔታ መምህሩ ስለ ዋልያስ «የረጋ ባንድ ነው» እያሉ ሲናገሩት የኖሩትን ነገር ከሥሩ እንደሚያናጋው ቢነገራቸው፣ «ድንጋዩ ደከመ እንጂ ባንዱ አልደከመም» ከማለት በቀር መልስ አላገኙም።

በጽናት ረገድ የዋልያስ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ፈተና ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲዞር ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ ከቀሩትም መካከል ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ከሠራ በኋላ፣ በዋሽንግተን ከተማ የታክሲ ሾፌር ሆኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እየነካካ ብዙ ዘመን ኖረ። ያ ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለም ሲቀባበለው እርሱም ወደ መድረክ ተመልሷል። ይህን ታሪክ መምህሩ የጽናት ምሳሌ አድርገው ሲያቀርቡ፣ ሾፌሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታክሲ ከነዳማ የእኛ ሰው ነው» ስላሉ፣ የዋልያስ ዋና ምሰሶ በአንድ ቃል ወደ ተቃዋሚው ወገን ተሻገረ። መምህሩ መሪና ኦርጋን የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው ብለው ቢከራከሩም፣ ሁለቱም በእጅም በእግርም የሚሠሩ መሆናቸውን ሾፌሩ አስረድተዋል።

በዚህ ላይ የማሕሙድ አሕመድ ነገር ሲጨመር ምርመራው ፈጽሞ ይወሳሰባል። «እረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ጋር የሠራው ማሕሙድ፣ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከእነ ድምፃዊ ጌታቸው ካሣ ጋር አብሮ የሄደው ከዋልያስ ጋር ነውና። ሰባራው ድልድይ በተቈረጠበት ዘመን መንገደኛው በገመድ ተንጠልጥሎ እየተሳበ ከጎጃም ወደ በጌምድር፣ ከበጌምድር ወደ ጎጃም ይሻገር እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዘፋኝም ከባንድ ወደ ባንድ ሲሻገር ገመዱን የሚይዙት ከወዲህም ከወዲያም ያሉት ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ወገን ከለቀቀ መንገደኛው ዐባይ ይገባል። ይህን ምሳሌ ሽማግሌዎቹ ሰምተው ሁለቱም ጥሩ ነው ካሉ በኋላ፣ ገመዱን አጥብቆ የያዘው የእኔ ወገን ነው ብለው ክርክራቸውን ቀጥለዋል።

ስለዚህ ነገሩን በሙከራ ለመለየት ተወሰነ። ከሾፌሩ ቤት ሣጥን ሥር ወረቀቱ ተልጦ የወደቀበት፣ ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ የተጣበቀ አንድ ካሴት ተገኘ፤ የማን እንደ ሆነ ሾፌሩም፣ ባለቤታቸውም፣ ጸሐፊውም አያውቁም። አራት አዲስ ድንጋይ በጸሐፊው ወጪ ተገዛ። ካሴቱ በእስክሪብቶ ተጠምጥሞ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ቴፑ ተከፈተ፤ ዘፋኝ የሌለበት፣ ኦርጋን ከላይ የሚያንጐራጕርበት፣ ቤዝ ከታች የሚያጕረመርምበት ዜማ ወጣ። ገና ሳይደላደል መምህሩ «ዋልያስ!» ሾፌሩ «አይቤክስ!» አሉ። አቦሉ ተጠጣ፤ መምህሩ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ኦርጋኑን አሳዩ። ቶናው ተጠጣ፤ ሾፌሩ መዳፋቸውን መሬት ላይ አድርገው ቤዙን አሳዩ። በረካው ሲደርስ ክርክሩ ከአቦሉ ይልቅ በርትቶ ስለ ነበር፣ የሁለቱም የልጅ ልጅ የሆነው ብላቴና ሰልችቶት ማንም ሳያዘው ካሴቱን ገለበጠው።

በዚያኛው ገጽ ላይ ዘፈኑ ጥቂት ሄዶ ቁርጥ አለና፣ የጊዮርጊስ ዕለት ሌሊት በላዩ ላይ የተቀዳ ማኅሌት ተከተለ። ማን እንደ ቀዳው አልታወቀም። መጀመሪያ ቁሙ፣ ቀጥሎ ዝማሜው መጣ፤ የመምህሩ ከዘራ ሳያውቁት ከጕልበታቸው ተነሥቶ ወዲህና ወዲያ ማለት ጀመረ፣ የሾፌሩ ከዘራም እንዲሁ። ከበሮው ገብቶ ወደ መረግድ፣ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሲያልፍ፣ የሾፌሩ ቀኝ እግር፣ ይኸውም የፍሬኑ እግር፣ መሬቱን ይመታ ነበር፤ የመምህሩ መዳፍም ጠረጴዛውን ይመታ ነበር፤ ጸሐፊው ሰዓቱን ይዞ እንደ ተመለከተው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ አንድ ምት እንኳ አልተላለፉም። ቡናው ቀዘቀዘ።

ክሩ አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ አልተናገሩም፤ ጸሐፊውም መደምደሚያው እንደ ተገኘ ቈጥሮ እርሳሱን አስቀመጠ። ነገር ግን ሾፌሩ ከዘራቸውን መልሰው ከግድግዳው እያስደገፉ፣ «ከበሮውን የመታው ግን በእኛ ወገን የቆመው ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ» አሉ፤ መምህሩም፣ «እርስዎ ደግሞ! በእኛ ወገን የቆመው ነው እንጂ» አሉ። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ ምርመራ አስፈላጊ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ አራት ባትሪ ድንጋይ የሚገዛ በጎ አድራጊ ይፈለጋል።