የክፍል ሁለት አንባቢዎችን ጠባይ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» ብለን ከምሽቱ አራት ሰዓት የከፈትነውን መጽሐፍ ዶሮ ሲጮህ የዘጋን፤ መብራት አጥፉ ስንባል ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን በስልክ ባትሪ ያነበብን፤ ገዳዩን ገና በመግቢያው አውቀነው እስከ መጨረሻው ገጽ የተሳሳትን፣ የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አንባቢዎች በሙሉ፤

ስዊድናዊው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሰን የጻፈው የ«ሚሌኒየም» ሁለተኛ ክፍል፣ «በእሳት የተጫወተችው ልጅ»፣ በ2006 ከታተመ ወዲህ በአንባቢዎች መካከል ክርክር፣ ኩርፊያና የተዋሱትን መጽሐፍ አለመመለስ በእጅጉ ስለበዛ፤

መጽሐፉ የዚያው ዓመት ምርጥ የስዊድን የወንጀል ልቦለድ ተብሎ መሸለሙ አንባቢውን ከማጉረምረም ያላገደው በመሆኑ፤

ደራሲው ኅዳር 2004 ላይ አሳንሰር ቢበላሽበት ሰባት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ልቡ ከድቶት በ50 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሦስቱም ድርሰቶች አሳታሚው እጅ ገብተው አንዱም ገና ስላልታተመ፣ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ባለመኖሩ፤ አቤቱታው ግን ስላልቀረ፤

አንባቢ አንድን ገጸ ባሕርይ ከወደደ በኋላ ደራሲውን የገጸ ባሕርዩ ወላጅ ሳይሆን ጊዜያዊ ሞግዚት አድርጎ እንደሚቆጥረው፣ ኮናን ዶይል በታኅሣሥ 1893 ሼርሎክ ሆልምስን ፏፏቴ ሲከተው ሃያ ሺህ ደንበኛ ታሪኩ የሚታተምበትን መጽሔት ትቶ ሄደ ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ ስለታወቀ (ዶይል አሥር ዓመት ያህል ተከራክሮ ተረታ፤ በ1903 ሟቹን ከነኮቱ መለሰው)፤

የሚከተለው በአንባቢዎች ሸንጎ ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የክፍል ሁለት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ክፍል አንድ የለውም።

አንቀጽ 2። በዚህ አዋጅ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት የፈረንጅ ናቸው። የእኛን የሚፈልግ ራሱ ይቀንስ።

አንቀጽ 3። «የመጀመሪያው ይሻል ነበር» የሚል ሰው የመጀመሪያውን ጨርሶ ስለማንበቡ ማስረጃ ያቀርባል። ያን ጊዜ «ስለ ኩባንያ ሒሳብና ስለ ከበርቴ ስም ማጥፋት ምን አገባኝ፣ ሬሳው የታለ?» እያለ መቶ ገጽ የዘለለ፣ ዛሬ በሁለተኛው ክፍል ሬሳ በሬሳ ላይ ሲነባበር «የድሮው እርጋታ ጠፋ» ብሎ ሊተክዝ አይፈቀድለትም።

አንቀጽ 4። ስለ ዕቃው ዝርዝር።

የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ሊስቤት ሳላንደር ከካሪቢያን ተመልሳ ሶደርማልም በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር፣ ፊስካርጋታን 9፣ ሰፊ አፓርታማ ትገዛለች። ከዚያ ኢኬያ ወደተባለው የቤት ዕቃ መደብር ትሄዳለች። ደራሲው እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ብዕሩን ይዞ ይከተላታል። ካርላንዳ ሶፋ፣ ፖኤንግ ወንበር፣ ላክ ጠረጴዛ፣ ኢቫር መደርደሪያ፤ አልጋው፣ መጋረጃው፣ ድስቱ። አንባቢ በዚህ ገጽ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ገዳይ ፍለጋ ገብቼ የሰርግ ዕቃ ቆጠራ ላይ ዋልኩ» ይላል። ሌላው ወገን፣ በተለይ ከእነዚያ መደርደሪያዎች አንዱን ገጣጥሞ በመጨረሻ ሁለት ብሎን እጁ ላይ የቀሩበት በስቶክሆልምና በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን፣ በመላው መጽሐፍ ውስጥ እውነት የመሰለው ይህ ገጽ ብቻ እንደሆነ ይምላል።

ሸንጎው ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ጊዜ ሰጥቶ መርምሯል። ልጅቱ ገና በልጅነቷ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ የተዘጋባት፣ ለአካለ መጠን ደርሳም «ራሷን ማስተዳደር አትችልም» የተባለባት ናት። ገንዘቧን የሚይዘው ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ነበር፤ ያ ሞግዚት ምን እንዳደረጋት ክፍል አንድን ያነበበ ያውቃል። እንግዲህ ይህች ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ የምትተኛበትን አልጋ መርጣ ስትከፍል፣ ዝርዝሩ አጭር እንዲሆን የሚጠይቅ አንባቢ ሞግዚቱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ መቀመጡን ይወቅ። ስለዚህ ዝርዝሩ ባለበት ይጸናል። መዝለል የሚፈልግ መዝለል ይችላል፤ ዘልሎ ማማረር ግን ተከልክሏል።

አንቀጽ 5። በሚሌኒየም መጻሕፍት ስለሚጠጣው ቡና።

ጋዜጠኛው ይጠጣል፤ ፖሊሱ ይጠጣል፤ ተጠርጣሪው እየተቀዳለት ይጠጣል። ሰው ተገደለ ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው ማሽኑን መለኮስ ነው። የፈረንጅ ሐያስያን በዚህ ብዙ ቀልደዋል። የእኛ ቅሬታ ከእነሱ ይለያል፤ ብዛቱን አንቃወምም። የምንቃወመው ይህ ሁሉ ቡና ሲፈላ አንድም ጎረቤት አለመጠራቱን፣ ዕጣን አለመጨሱንና ቶናና በረካ የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። ጎረቤት ቢጠራ ኖሮ ገዳዩ ከበረካ በፊት ይታወቅ እንደነበር ሸንጎው በሙሉ ድምፅ ያምናል።

አንቀጽ 6። ሳላንደር የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም በጭንቅላቷ ፈታችው በመባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ያቀረቡት ተቃውሞ ተመዝግቧል። የሒሳብ ሊቁ አንድሩ ዋይልስ ለዓመታት ሰገነቱ ላይ ተደብቆ የሠራውን፣ በ1995 ሲታተም ከመቶ ገጽ የዘለለውን ማረጋገጫ፣ እሷ ጠላቷን ልታጠቃ በጫካ ስታደባ «ገባኝ» ብላ ፈገግ ብላ አለፈችው። ሊቃውንቱ ተቆጡ። በጥይት የተመታ ሰው ከመቃብር ቆፍሮ ሲወጣ ግን ያው ሊቃውንት ቃል አልተነፈሱም።

አንቀጽ 7። መጨረሻውን ስለሚናገሩ ሰዎች።

ከዚህ በላይ ባለው አንቀጽ መጨረሻው ተነግሯል። ይሁን እንጂ ከ2006 ጀምሮ ሲቆጠር የይርጋ ጊዜው ስላለፈ ሸንጎው በራሱ ላይ ክስ አይመሠርትም። ይህ ነፃነት ግን ወደ ግለሰብ አይተላለፍም። ታክሲ ውስጥ የሰው መጽሐፍ ሽፋን አይቶ «ኦ፣ እሷማ አባቷ…» ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ይወርዳል፤ ሒሳቡም አይመለስለትም።

ሳላንደር ጭንቅላቷን ተመትታ፣ ተቀብራ፣ ወጥታ፣ ደም በደም ሆና ሳለ ጋዜጠኛው ሚካኤል ብሎምክቪስት ሲደርስ መጽሐፉን «አለቀ» ብሎ መዝጋት በራሱ ወንጀል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሸንጎውን አከራክሯል። አሜሪካውያን አንባቢዎች በዚህ ነገር ታጋሽ አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ሦስተኛው ክፍል በጥቅምት 2009 እንግሊዝ አገር ወጥቶ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው በግንቦት 2010 ነው ሲባሉ፣ ባሕር አሻግረው በውድ ዋጋ ያስመጡ ጀመር። ይህ ኮንትሮባንድ ሳይሆን የሕክምና አስቸኳይ ጉዳይ ነው ተብሎ ተፈርዷል፤ በሽተኛዋ ሆስፒታል እስክትገባ ሰባት ወር መጠበቅ አይቻልም።

አንቀጽ 8። ስለ ውርስ።

ላርሰን ኑዛዜ የጻፈው በ1977 ወደ ኤርትራ ሲሄድ ነው። የሕይወት አጋሩ ኤቫ ጋብሪኤልሶን እንደምትለው እዚያ ሴት ታጋዮችን የሞርታር አተኳኮስ አስተምሯል። (ሞርታሩ ወዴት ያነጣጥር እንደነበር ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ረገድ ያለን ቅሬታ ከሥነ ጽሑፍ ውጭ ስለሆነ መዝገብ ቤት ይቀመጥ።) ኑዛዜው ንብረቱን ኡሜኦ ከተማ ለሚገኝ የአንድ ግራ ዘመም ድርጅት ቅርንጫፍ የሚሰጥ ነበር፤ እማኝ ስላልፈረመበት አልጸናም። ከኤቫ ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮ ቢኖርም አልተጋቡም። በስዊድን ሕግ መሠረት ውርሱ ለአባቱና ለወንድሙ ሆነ፤ ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሥራ ነው። አንባቢው ዓለም በዚህ ላይ የጻፈው የቁጣ ብዛት ስለ መጽሐፎቹ ከጻፈው ብዙም አያንስም።

የስዊድንን ሕግ ማሻሻል ከሥልጣናችን ውጭ ነው። ነገር ግን ማንኛውም የወንጀል ልቦለድ ደራሲ በመጽሐፉ ላለው ገዳይ ሦስት ምስክር ማዘጋጀት ከቻለ፣ ለኑዛዜው ሁለት እንዲያዘጋጅ ታዟል።

አንቀጽ 9። የሳላንደርን ሞግዚትነት በክፍል ሦስት ፍርድ ቤት ሽሮታል። ስለሆነም ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል ሞግዚትነቱን እኛ ወስደናል። ልጅቱ ያለ እኛ ፈቃድ አታገባም፣ አትወልድም፣ አትለሰልስም፣ ሞተር ብስክሌቷንም አትሸጥም።

አንቀጽ 10። ስለ ምሕረት።

ዳቪድ ላገርክራንትዝ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ጽፎ በነሐሴ 2015 አራተኛውን ክፍል ሲያወጣ፣ ጋብሪኤልሶን ተቃውማ፣ ብዙ አንባቢም «የሙት ሰው ልጅ በሌላ ሰው እጅ ስታድግ አላይም» ብሎ ምሎ ነበር። እሱ ሁለት ጨመረ፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ካሪን ስሚርኖፍ ሥራውን ተረክባለች። ከማሉት ውስጥ መሐላቸውን ያፈረሱ እንዳሉ፣ መጽሐፉንም በጋዜጣ ሸፍነው እንደሚያነቡ ለሸንጎው ጥቆማ ደርሶታል። እነዚህ ሰዎች በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀርበው ከተናዘዙ ሙሉ ምሕረት ይደረግላቸዋል።

የምሕረት ጠያቂዎች የጣሱበትን መጽሐፍ ይዘው ይቅረቡ። የአራተኛው ክፍል ባለቤቶች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ የሸንጎው ጸሐፊ እስካሁን አላነበበውም።