በክሩ ጫፍ በቆሎ

በኮሮና ዘመን ዱባይ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የፒሲአር ውጤት ሳይዝ አይሳፈርም ነበር። ለዚህ ምርመራ መንገድ የጠረገው ኢንዛይም ከፍል ውሃ ባክቴሪያ የተገኘ መሆኑን የነገረችኝ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዋ ጓደኛዬ ናት። ባክቴሪያውን ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ አሜሪካ፣ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ አገኙት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተርመስ አኳቲከስ ብለው ሰየሙት። 70 ዲግሪ ላይ ይመቸዋል።

«እኛ ምን ፍል ውሃ አነሰን?» አለችና ዕቃ ተሸካሚ አድርጋ ሻላ ሐይቅ ወሰደችኝ።

የሻላ ውሃ ሶዳ ነው፤ እጅ ሲነክሩት እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ዳርቻው ላይ ምንጮቹ ይንተከተካሉ። ከፍታው ከ1,500 ሜትር ስለሚበልጥ እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 95 ገደማ ላይ ይፈላል። ጓደኛዬ የብሮክን ዘዴ ይዛለች፦ የማይክሮስኮፕ መስታወት በክር አስሮ ምንጩ ውስጥ ማንጠልጠል። ሕይወት ያለው ነገር ካለ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይራባል።

ከቀናት በኋላ ስንመለስ ክሩ አለ፣ መስታወቱ የለም። ጫፉ ላይ በቆሎ ታስሯል።

እረኛው ልጅ አልደነገጠም። «ገመዱ ሥራ ፈትቶ ነበር» አለ፣ በሹፌራችን አስተርጓሚነት። በቆሎውን ጋበዘን። እኔ በላሁ፤ ጨው ጨው ይላል። እሷ የእኔን ቡና ከፔርሙሱ ደፍታ፣ በምንጩ ውሃ አለቅልቃ፣ ከምንጩ አፍ ላይ ደለል ቀዳችበት።

«ቡናው አይበክለውም?»

«ከቡና ጋር የመጣ ተህዋስ 80 ዲግሪ ላይ የት ይደርሳል?»

መከራው ግን ቤተ ሙከራ ነው የጠበቀን። ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት አጋር በዚያ ሙቀት ያልበዋል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሙቀት የሚችለው ጌላን ደግሞ በዶላር ነው። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶቿ ፍሪጃችን ሞቀ ብለው ይጮኻሉ፤ እሷ በረዱብኝ ብላ ትሯሯጣለች። አዲስ ዝርያ ለማስባል ነጥሎ ማሳደግ፣ ጂኑን ማስነበብ፣ ናሙናውን ሁለት የተለያዩ አገሮች ውስጥ ባሉ የተህዋስ ባንኮች ማስቀመጥ፣ ከዚያ በጆርናል ማሳተም አለ። ለፍል ውሃው የሚበቃ ሙቀት አለ፤ ለወረቀቱ የሚበቃ ዕድሜ መገኘቱን ግን እጠራጠራለሁ።

የጂኑ ንባብ ውጤት መጣ፦ ቀድሞ ከሚታወቅ ዝርያ ጋር ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላል።

ፊቷ ላይ ሐዘን ፈለግሁ፣ አጣሁ። ካርታ ዘርግታለች።

«ከማዶ ያሉትን ምንጮች አላየናቸውም» አለችኝ።

«ፔርሙሱ ግን የራስሽ ይሁን» አልኳት።