የሳሎን ባሕር በር

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ሳሎኑ ውስጥ የባሕር በር አገኘ፤ ያውም ያለ ድርድር። 75 ሊትር የምትይዝ የባሕር ዓሣ ሣጥን ናት። ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ፓምፑ፣ መብራቱ ተሟልቷል፤ ዓሣ ብቻ የለም። «መቼ ነው የሚገባው?» ስለው «ባክቴሪያው ይድረሳ!» ይለኛል። እውነቱን ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ይገድላል። እሱን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ እንግዳ ሲመጣ ቡና ተፈልቶ ድንጋይ ይታያል። የወጥ ጨው ቀምሶ የማያውቀው ሰውዬ የባሕሩን ጨው ጠዋትና ማታ ይለካል።

በ7ኛው ሳምንት ሁለት ክላውንፊሽ ገቡ። ልጆቹ የክላውንፊሹን ፊልም አይተዋልና «ሰማያዊዋ ዓሣስ?» ብለው አለቀሱ። እሷ እኮ ስታድግ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች፤ እዚህች ሣጥን ውስጥ ለመዞር የኋላ ማርሽ ያስፈልጋታል።

ከጥንዶቹ ትልቋ ሴቷ ናት። እሷ ከሞተች ባልየው ራሱ ሴት ሆኖ ቤቱን ይረከባል። ይህን ለእማዬ በስልክ ማን ያስረዳ? እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ ነው የምትጠብሱት?»