«ሲ»ን አጥቁር

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በሰኔ ጭቃ፣ ከአዲስ ዘመን ወደ ቀኝ ታጥፌ እብናት እናቴ ቤት ገባሁ። የእህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ፎቶ ኮፒ ከፎቶ ኮፒ ሲወለድ ፊደሉ የደበዘዘ የእንግሊዝኛ ወርክሺት ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለኝ። «ሁልጊዜ ግጥሙ ላይ ነው የምወድቅ።»

አየሁለት። ግጥሙ በሌሊት ድምፅ ሳያሰማ ስለሚወርድ በረዶ ነው፤ ጣራውን፣ ዛፉን፣ መንገዱን ነጭ ሲያለብስ አንድ ሰው በመስኮት ያያል። ጥያቄው፦ የገጣሚው ስሜት የትኛው ነው? ኤ ፍርሃት፣ ቢ ቁጣ፣ ሲ እርጋታ፣ ዲ ቅናት። ልጁ «ኤ»ን አጥቁሯል። የመልስ ወረቀቱ «ሲ» ይላል።

እናቴ ምድጃው ዳር ሆና ታዳምጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን በመንደሩ ለቅሶ ሲሆን ግጥም የምታወርደው እሷ ናት። ምን እንደሚል ጠየቀችኝና ባማርኛ ነገርኳት። እስከ ፍጻሜው ሰምታ ጥቂት ዝም አለች።

«ሰውየው መሬት የለውም?»

«እንዴት?»

«በረዶ ሲወርድ መስኮት ተደግፎ የሚያይ፣ ገብስ ያልዘራ ነዋ።»

እነሆ የልጁ ጥፋት፦ ግጥሙን አነበበው። በእኛ አፍ ከሰማይ የሚወርድ ጠጣር ነገር ሁሉ በረዶ ነው፤ ለስላሳውን ከጠጠሩ ለይተን አንጠራም። እብናት ላይ ደግሞ ድምፅ የሌለው በረዶ ታይቶ አይታወቅም። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በምልክት ነው፤ ሲያባራ የሚቆጠረው የተረፈው ቡቃያ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ግጥሙ ውስጥ ገባ፤ ፈራ፤ «ኤ»ን አጠቆረ። እንዲህ ያለው ጠባይ በጊዜ ካልተቀጨ ልጁ አንባቢ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አጎት ነኝና ኃላፊነቴን ተወጣሁ።

«በመጀመሪያ ምንባቡን አታንብብ» አልኩት። «ጥያቄውን ብቻ እይ። ከጥያቄው ረዘም ያለችውን ቃል ያዝና እንደ ጠፋች ፍየል ምንባቡ ውስጥ ፈልጋት፤ ከተገኘችበት አጠገብ ያለውን አጥቁር። ግጥም ሲሆን ከዚህም ይቀላል። በረዶ ካለ እርጋታ ነው። ወፍ ካለች ነፃነት ነው። ፀሐይ ከወጣች ተስፋ ነው። ዝናብ ከዘነበ ሐዘን ነው።»

«ዝናብ ሐዘን?» አለ ደጁን እያየ። በሰኔ፣ እብናት ላይ።

«ሐዘን ነው። አትከራከር።»

«ካላወቅሁትስ?»

«‹ሲ›ን አጥቁር።»

ይህን ጥበብ እኔ አልፈጠርኩትም፤ በየቲቶሪያሉ ገንዘብ እየተከፈለበት የሚሰጥ ነው። ስሌቱም ይደግፈዋል። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ እስከ ታች «ሲ»ን ያወረደ ሰው በአማካይ ከመቶ 25 አያጣም። ማለፊያው 50 ነው። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት የምንማረው ለቀሪዋ 25 መሆኑ ነው። ያቺም ከበደች። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ደረሰ። ገና በመጀመሪያው ውጤት አገር ደነገጠ፤ ቀድሞ ጉዱን የሸፈነው ኩረጃ ነው ተባለ። ልክ ነው። ግን ከኩረጃው በታች ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነውና፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ፊዚክሱም ላይ ባዮሎጂውም ላይ በረዶ ይወርድበታል። ለዚህ ያዘጋጀንለት መድኃኒት ደግሞ ሳያነቡ የማጥቆር ዘዴ ነው። በዚያ ላይ የእኛ ክልል ልጅ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ስንቱ በጦርነት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ከርሞ መጥቶ «የገጣሚው ስሜት ምንድን ነው?» ይባላል። የእሱን ስሜት የጠየቀው የለም፤ ምርጫም አልወጣለትም።

ወርክሺቱን ገለጥነው። ሁለተኛው ገጽ ማስታወቂያ ነው፦ ባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል፣ ባሕሩን የሚያሳይ ክፍል፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በነፃ። (ባሕር የሚባለውን ነገር እኛ አሁን አሁን የምናገኘው በዜና ነው።) የማስታወቂያው ዓላማ ምንድን ነው? ማሳወቅ፣ ማግባባት፣ ማዝናናት፣ ማስጠንቀቅ? ልጁ እዚህ ላይ ዓይኑን አላሸም፤ ማስታወቂያ ሁሉ ማግባባት ነው ተብሎ ተጠንቷል። ሆቴሉን ረስቶ ነጥቡን አገኘ። እንዲህ ነው እንጂ!

እብናት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያላየች አገር እንዳትመስላችሁ። ድርቅ በተመላለሰባት በዚህች ወረዳ፣ በእኔ ግምት፣ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ በየቤቱ የገባው እንግሊዝኛ በእርዳታ ስንዴ ጆንያና በዘይት ቆርቆሮ ላይ የታተመው ነው። «ከአሜሪካ ሕዝብ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ያስጠነቅቃል። ቆርቆሮው ውሃ መቅጃ ሆነ፤ ጆንያው ተተርትሮ ፍራሽ ሆነ፤ አንዱ እናቴ ጓዳ በር ላይ መጋረጃ ነው። በሰኔ 2017 ማብቂያ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን አቁሟል፤ መጋረጃው ግን አሁንም «ከአሜሪካ ሕዝብ» እያለ ይውለበለባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማስ? ማሳወቅ፣ ማግባባት፣ ማዝናናት ወይስ ንፋስ መከለል? እናቴ ያለ ቲቶሪያል «ዲ» ትላለች፤ ፈታኙ ግን ዜሮ ይሰጣታል።

ማስታወቂያ ማንበብ ያማረው ሰው ደግሞ በየከተማው ሰሌዳ ሥር ከቆመ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ይማር። ክፍት የሥራ ቦታ ይላል። ተመራቂው ያነባል፦ የትምህርት ዝግጅቱ ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ይመስላል፣ የሥራ ልምዱ ሦስት ዓመት ከአራት ወር፣ የምዝገባው ቀን ትናንት አልቋል። ፈገግ ብሎ «ሰውየውን አውቀዋለሁ» ይላል። ከተጻፈው ያልተጻፈውን ማውጣት ማለት ይኸው ነው፤ ወርክሺቱ «ኢንፈረንስ» እያለ ሦስት ገጽ የፈጀበት። ይህ ተመራቂ ግን ያን ጊዜ እንግሊዝኛውን ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ያከበደብኝ አገሩ ነው። ይህ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ሲመሰከርበት የኖረ ምድር ነው። የቅኔ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሁለት ቤት ለሆነች ጉባኤ ቃና ቀኑን ሙሉ ይቆጥራል፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ። የኔታ ሰሙን ሲጠይቁት ሰሙን፣ ወርቁን ሲጠይቁት ወርቁን ያወጣል፤ ማንም ያላሰበውን ሦስተኛ ፍች ካመጣ ጉባኤው ያደንቀዋል። ይህ እንግዲህ ኋላ ቀርነት ነው። ለእርማት አይመችም። ስለዚህ የፈተናዎች አገልግሎት እጁን ወደ ቅኔ ቤቱም እንዲዘረጋ አሳስባለሁ፦ ወርቁ ከሚከተሉት የትኛው ነው፣ አንዱን ብቻ አጥቁር፣ ከክቡ አትውጣ። ማረሚያው ማሽን እንደሆነ ወርቅ አያይም፤ እርሳስ ነው የሚያየው። ሰምና ወርቅ ብለን ጀምረን ሰምና እርሳስ ላይ ደረስን።

ለቅሶ ቤቱም አይረሳ። እናቴ ሟቹን እያነሳች ለእሱ ያለች መስላ በመካከል አንዱን ደረቅ ወንድም የምትነካበት ግጥም አላት፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይገባዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው ወንድምየው ነው። የአልቃሿ ስሜት? ሐዘን ብቻ ካላችሁ ወድቃችኋል።

አንብቦ መረዳት አቅቶት የወደቀ ግን የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ያውም ባማርኛ። ለንደን ደረሰ። የተማሩት፣ ግጥሙን ሁሉ የጻፉልን ሰዎች አገላብጠው አዩትና መልስ ሳይሰጡ አስቀመጡት። የጸሐፊው ስሜት ምንድን ነው? ኤ ወዳጅነት፣ ቢ ኩራት፣ ሲ ተስፋ፣ ዲ ትዕግሥቱ እያለቀ ያለ ሰው። አንዱንም አላጠቆሩም፤ ባዶ ወረቀት መለሱ። የእንግሊዙ ቆንስላ ታሰረ፤ ከደብረ ታቦር ጥግ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ በ1860 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር መቅደላ ወጣ። ለአንድ ምንባብ እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለበት የእንግሊዝኛ ፈተና እኔ አላውቅም። የፈታኙ ልጆች ዛሬ በረዶ በመስኮት እያዩ እኛን ይፈትኑናል።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ደርሶ መልሱን ያበላሽበታል። ሦስት ማታ አስጠናሁት፤ በሦስተኛው ማታ ከሃያው ጥያቄ አሥራ ስድስቱን አገኘ፤ ግጥሞቹን አንዷንም አላነበበም። ኮራሁበት።

ልነሳ ስል ሌሊቱን ዳመና ከበለሳ በኩል ከብዶ መጣ። መጀመሪያ አንዲት ጠጠር፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን ደርባ በሩን ገርበብ አደረገችና ወደ ጓሮው በቆሎ ማየት ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። እኔም ለልጁ አንድ ነገር ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ራሴንም አልሰማሁት። ልጁ ከመደቡ ተነስቶ አየኝ፤ አያቱን አየ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጉብጦ በኩራዙ ብርሃን ላይ «ሲ» ሠራልኝ።