ፀሐይ በካርቶን

የዘንድሮ መድኃኒት ደግሞ መብራት ሆኗል አሉ። ወይ ዘመን!

ኮሮና ይዞኝ ከተነሣሁ ወዲህ ጉልበቴ አልተመለሰም። ሳሉ ጠፋ፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ድካሙ ግን ቤት ሠርቶ ቀረ። ማሕሌት ቆሜ የማድረው ሰውዬ አንድ ዝማሜ ሳልጨርስ እንደ እርጥብ ጋቢ መቋሚያዬ ላይ እሰቀላለሁ። ለሰው ሳወራ «እርጅና ነው» ይለኛል። እርጅና በአንድ ሳምንት ይመጣል እንዴ? አንዱ ጠበል፣ አንዷ ዳማከሴ ታዝልኛለች። ሐኪሙም ደሜን አይቶ «ምንም የለብዎትም» አለኝ። ምንም ከሌለብኝ፣ አልጋዬ ላይ የተኛው ማነው?

የእህቴ ልጅ ብቻ ከዋሽንግተን ደወለና «የኔታ፣ ከቫይረስ በኋላ የሚቀር ድካም አለ፤ ብዙ ሰው ይዞታል» አለኝ። ተባረክ! ብዬ ሳልጨርስ ካርቶን ላከ። ቀይ አምፖል የተደረደረበት ሳንቃና ጥቁር መነጽር ወጣ።

እናቴ «በልተህ ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል» እያለች አሳደገችኝ። ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ደግሞ በጋይንት ብርድ ደበሎ ለብሰን፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ መምህራችን በአለንጋ ነበር የሚያስነሡን። ያኔ ስንፍና የተባለው ዛሬ ሕክምና ሆኖ በአውሮፕላን መጣ።

ብርሃን አያድንም አልልም። ፊንሰን የተባለው የዴንማርክ ሐኪም የቆዳ ቲቢን በብርሃን አክሞ በፈረንጅ 1903 ኖቤል ተሸልሟል። ቢጫ የሆነ ጨቅላም ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝቶ ይድናል። ክረምታቸው ጨልሞባቸው የሚከፋቸው ፈረንጆችም ጠዋት 10,000 ሉክስ መብራት ፊት ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። የጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ እኮ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ለዚያውም በነፃ!

የኔ ሳንቃ ግን ሥራው ሌላ ነው ይላል የእህቴ ልጅ፤ ቀይ ብርሃን ቆዳን አልፎ፣ ሴል ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባለውን ጉልበት ማምረቻ ይቀሰቅሳል። «የኔን ዓይነት ድካም ማዳኑ ተረጋግጧል?» ስለው ትንሽ ዝም አለ። «ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ የኔታ።» በፈረንጅ 2021 የወጣው የእንግሊዞች መመሪያም ለሥር የሰደደ ድካም ፈዋሽ መድኃኒት የለም፣ ዐቅምህን እየቆጠብህ ኑር ነው የሚለው። ይህን ለማወቅ ሳንቃ ምን አስፈለገ?

ያም ሆኖ አልመልሰውም። ካርቶኑን ካዩ ወዲህ ጎረቤቶቼ መታመሜን አምነዋል። «እግዜር ይማርዎ» ይሉኛል፣ ለቅሶ ቤት መደገፊያ ያለው ወንበር ይለቁልኛል። ፊቴን በቀዩ ብርሃን ለማስመታት ግን መቼ ተመቸኝ? መብራት ሲሄድ ሦስት ቀን ይሄዳል። ሲመጣ ደግሞ መነጽሬን አድርጌ ገና ስቀመጥ፣ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይነቅለዋል፤ «አባባ፣ እርስዎ ውጭ ፀሐይ አለልዎት» እያለ።