የፍልስፍና ወረቀት አያያዝ

ከኮንኮርድ የፍልስፍና ትምህርት ቤት የተረፈ የታተመ ፕሮግራም እጅዎ ከገባ፣ በመጀመሪያ አይደንግጡ። ለማንበብም አይቸኩሉ። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ከዚያ እንግዳ ሲመጣ የሚያወሩትን ይያዙ።

ትምህርት ቤቱ በማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ በ1879 ተከፈተ (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። መሥራቹ ብሮንሰን ኦልኮት ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት የቀራቸው አዛውንት ነበሩ። የመጀመሪያው ጉባኤ ቤተሰባቸው ይኖርበት በነበረው በኦርቻርድ ሃውስ ተደረገ፤ በዓመቱ ከቤቱ አጠገብ ሂልሳይድ ቻፕል የተባለ የእንጨት አዳራሽ ቆመ። ጉባኤው የሚውልበት ሐምሌ በእነሱ አገር በጋ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተጨማዶ ቢያገኙት አይዘኑ፤ ባለቤቱ ሲያራግብበት ውሎ ይሆናል። ጥበብ ብቻውን ሙቀት አያበርድም።

ቀጥሎ ስሞቹን ይመልከቱ። ዶክተር ሃይራም ጆንስ ካሉ ወሬው ፕላቶ ነው፤ ዊልያም ሃሪስ ካሉ ሄግል ነው። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ካሉ ወረቀቱን አደራ ይጠብቁት፤ ያለ ክርክር ጎን ለጎን የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው።

«ምን እንደተባለ ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚሉ ከሆነ፣ ሬይመንድ ብሪጅማን የ1882ቱን ንግግሮች አሳጥሮ በ1883 ያሳተመው መጽሐፍ አለልዎ። ምክሬን ከሰሙ ግን ይቅርብዎ። ፕሮግራም ቀንና ርእስ ነግሮዎት ዝም ይላል፤ ቀሪውን እርስዎ እንዳሻዎ ያሳምሩታል። የሠርግ መጥሪያ ካርድ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበት አያውቅም። መጽሐፉን የከፈቱ ዕለት ግን «ምነው እዚያ በነበርኩ» ማለት ሊቀርብዎ ይችላል።

የ1888ቱን ፕሮግራም ካገኙ ደግሞ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። በዚያ ዓመት መጋቢት ሽማግሌው ኦልኮት አረፉ፤ ልጃቸው ሉዊዛ ሜይ በሁለተኛው ቀን ተከተለቻቸው። በጋ ሲደርስ ጉባኤው ለእርሳቸው መታሰቢያ ተሰበሰበና በዚያው ተዘጋ።

በመጨረሻ ስለ ማስቀመጫው እንምከር። ውድ ፍሬም አይግዙ። ኦርቻርድ ሃውስ ውስጥ፣ በሁለት መስኮቶች መካከል፣ አባት ለሉዊዛ የሠሩላት ግማሽ ክብ የሆነች ትንሽ የመጻፊያ ጠረጴዛ አለች። ልብ ወለዷ «ሊትል ዊመን» የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ቤተሰቡን ከዕዳ ያወጣውም የልጅቷ ብዕር ነው። እርስዎም መስኮትዎ ሥር እንደዚያች ያለች ጠረጴዛ ያሠሩና ፕሮግራሙን በክብር ያኑሩባት። እንግዳ መጥቶ ወረቀቱን ካደነቀ ያመስግኑት። «ጠረጴዛዋን ማን ሠራት?» ካለ ግን ቡና ያፍሉለት፤ ፈላስፋው መጥቷል።