ዳገት በነጻ

ፓርክራን በየቅዳሜው መናፈሻ ውስጥ የሚካሄድ የ5 ኪሎ ሜትር የሕዝብ ሩጫ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ፖል ሲንተን ሂዊት በለንደኑ ቡሺ ፓርክ በ13 ሯጮች አስጀመረው። ክፍያ የለውም፤ አስተባባሪዎቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቡሺ ፓርክ ሜዳ ነውና ሐሳቡ ለጤና የሚበጅ መሰለ። ኋላ ግን ኮረብታማዋ የሸፊልድ ከተማ ደረሰ፤ እዚያ ግሬቭስ ፓርክ ውስጥ ያው 5 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይቆማል።

የሩጫው መርሕ «ውድድር አይደለም» የሚል ነው። ተሳታፊው ሁሉ ይህን አምኖ፣ ለጎረቤቱም አስረድቶ፣ የእጅ ሰዓቱን ተጭኖ ይነሳል። ቁልቁለቱ ላይ የሁሉም አሯሯጥ ያምራል። ዳገቱ ሲጀምር ግን የጫማ ማሰሪያ መፈታት ይበዛል፤ አንዳንዱም ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ የፓርኩን ዛፎች ማድነቅ ይጀምራል። መራመድ አይከለከልም። የመጨረሻውን ሥፍራ ደግሞ ለዚሁ የተመደበ በጎ ፈቃደኛ ከኋላ እየተራመደ ስለሚይዘው ጭራ መሆን ለሚሻ ዕድሉ የለም። በፓርኩ የእንስሳት ማርቢያ ያሉት ከብቶች ግን ይህን ሁሉ ሳይሞክሩ ወፍረው ይኖራሉ።

25 ጊዜ የሮጠ ልዩ ቲሸርት የመልበስ ማዕረግ ያገኛል፤ ቲሸርቱን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነው። መጨረሻው መስመር ላይ የደረጃ ምልክት ይሰጥና ከሯጩ የግል ባርኮድ ጋር ይነበባል። ባርኮዱን ቤት የረሳ ዳገቱን ወጥቷል፤ ሰዓቱ ግን አይመዘገብለትም።